ሺህ አንድ ሌሊት በመዛግብት ሚዛን

ጂኒ ከናስ ማሰሮ ሲወጣ፣ ዋሻ በቃል ሲከፈት፣ ኩራዝ ሲታሽ ቤተ መንግሥት ሲቆም የሰው ልጅ ለምን እንደሚደመም የጠየቁ ጸሐፊዎች መልሱን አብዛኛውን ጊዜ ከሰው ባሕርይ ፈልገዋል። መንገዱ ፍሬ ቢስ አይደለም፤ ሆኖም ባሕርይ ቀንና ፊርማ የለውምና በእርሱ ላይ የሚሰጥ ፍርድ ያለ ምስክር የሚሰጥ ፍርድ ይሆናል። ስለዚህ ጥያቄውን ወደ መዛግብት ልንወስደው መርጠናል። በብዙ እጅ የተጻፈውና በብዙ ሐሰት የተከበበው «ሺህ አንድ ሌሊት» ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ የተዘረጋ የሰነድ ዱካ አለው። ያን ዱካ በየዘመኑ ተከትለን ምን እንደተለወጠና ምን እንደጸና ብንለይ የማራኪነቱ ምንጭ በማስረጃ ይገለጥልናል ብለን እናምናለን። ዓመታቱን ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር አስፍረናል።

የመጀመሪያው ምስክራችን የተቀዳደደ ወረቀት ነው። ከግብፅ ተገዝቶ ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የምሥራቃውያን ጥናት ተቋም የገባውን ይህን ቁራጭ ናቢያ አቦት የተባሉት ተመራማሪ መርምረው በ1949 አሳተሙት። ርእሱ ስለ ሺህ ሌሊት የሚናገር መጽሐፍ መሆኑን ያስታውቃል፤ ከርእሱ ቀጥሎ ዲናዛድ ሺራዛድን (በኋላ ሸህራዛድ የተባለችውን ተራኪ) ተረት እንድትነግራት ስትለምን የሚያሳዩ ጥቂት መስመሮች ይነበባሉ። ዕድሜው የታወቀው ግን ከተረቱ አልነበረም። መጽሐፉ ካረጀና ከተበታተነ በኋላ አንድ ሰው በወረቀቱ ባዶ ቦታ ላይ የሕግ ምስክርነት ቃል ሲለማመድ የሂጅራ 266ን፣ ማለትም የ879ን፣ ቀን ጽፎበታል። እንግዲህ ከዚያ ዓመት አስቀድሞ መጽሐፉ ተገልብጦ፣ ተነቦና አገልግሎቱን ጨርሶ ወደ መለማመጃ ወረቀትነት ወርዶ ነበር ማለት ነው። ከዚህ ይልቅ ልብ ልንለው የሚገባው የልመናው ይዘት ነው። ዲናዛድ የምትጠይቀው ስለ ጂኒና ስለ አስማት እንዲነገራት አይደለም፤ ስለ ሰው በጎነትና ጉድለት፣ ስለ ብልጠቱና ሞኝነቱ፣ ስለ ቸርነቱና ንፍገቱ ነው። ምናባዊው ትረካ ገና በመጀመሪያው ገጹ ላይ የሰውን ጠባይ ለመመርመር የቆመ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሁለት የባግዳድ ተወላጆች ስለ መጽሐፉ ጽፈዋል፤ ቃላቸው ግን በሁሉም ነገር አይስማማም። አል-መስዑዲ ስለ ባለ ዓምዷ ከተማ ስለ ኢረም የሚወራውን ተጠራጥሮ ሲመረምር፣ እንዲህ ያለው ወሬ ነገሥታትን በተረት ለማስደሰት የሚሹ ሰዎች ከሚፈጥሩት እንደ «ሄዛር አፍሳኔ» ካለው ከፋርስ ከተተረጎመ መጽሐፍ ጋር እንደሚመሳሰል ይገልጻል፤ ሕዝቡም መጽሐፉን «ሺህ ሌሊት» እያለ እንደሚጠራው ይነግረናል። በእርሱ አገላለጽ ባለታሪኮቹ ንጉሡ፣ ወዚሩ፣ የወዚሩ ልጅና አገልጋይዋ ናቸው። መጻሕፍት ሻጩ ኢብን አን-ነዲም በ987 ባዘጋጀው «ፊህሪስት» በተባለው ታላቅ የመጻሕፍት ዝርዝር ውስጥ ግን ሸህራዛድ ከንጉሣዊ ዘር የተገኘች ሴት ስትሆን፣ ረዳቷ የንጉሡን ቤት የምታስተዳድር እመቤት ናት። በኋላ ዘመን በተገለበጡት ቅጂዎች ደግሞ ሁለቱ እኅትማማቾች ሆነው እናገኛቸዋለን። አንዱን ትክክል፣ ሌላውን ስሕተት ብለን ለመፍረድ የሚያበቃ መነሻ ቅጂ በእጃችን ስለሌለ፣ ሦስቱንም በአንድነት መያዝ ይገባናል። ልዩነቱ ራሱ አንድ ነገር ያስተምራል፤ የሴቶቹ ዝምድና እንደ ተራኪው ሲለዋወጥ፣ ተራኪና ጠያቂ ሆነው በንጉሥ ፊት መቀመጣቸው ግን በሁሉም ዘንድ ጸንቶ ቆሟል። በተረቱ ጠያቂ ያስፈለገበት ምክንያትም ግልጽ ነው፤ ንጉሡ ሞት የፈረደባት ሴት «ልንገርህ» ብትል ልመና ይሆንባታል፣ ሌላ ሰው «ንገሪኝ» ሲላት ግን ንጉሡ አድማጭ ሆኖ ይያዛል።

የኢብን አን-ነዲም ምስክርነት በራሱ ውስጥም ተቃርኖ አለበት። መጽሐፉን ሙሉውን ከአንድ ጊዜ በላይ እንዳየው፣ ሺህ ሌሊት ቢባልም ተረቶቹ ከሁለት መቶ እንደማይሞሉ ከተናገረ በኋላ፣ አቀራረቡ ሸካራና ለዛ የሌለው ነው ብሎ ይፈርድበታል። እንዲህ እየናቀው ግን በዚያው ምዕራፍ ለተራቾች ሰፊ ቦታ ሰጥቷል፤ አል-ጀህሺያሪ የተባለው ጸሐፊ የዓረብን፣ የፋርስን፣ የግሪክን ተረቶች መርጦ ሺህ ሌሊት ለመሙላት ተነሥቶ 480 ሌሊት ካደረሰ በኋላ ሞት እንደቀደመው የምናውቀውም ከእርሱ ነው። ሊቃውንቱ በአደባባይ የሚንቁትን መጽሐፍ በጓዳቸው ያነብቡት፣ እንዲያውም ለማሻሻል ይደክሙለት ነበር። ምክንያቱን ከዘመኑ የዕውቀት ሥርዓት እናገኘዋለን፤ የነገር እውነትነት በተናጋሪዎች ሰንሰለት በሚመዘንበት ዓለም፣ ተናጋሪው የማይታወቅ ታሪክ በሚዛኑ ላይ የሚያስቀምጠው ነገር አልነበረውም። ምናባዊው ትረካ የተናቀው ስላልጣፈጠ ሳይሆን ባለቤት ስላልነበረው ይመስለናል።

በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ የተጻፈ ሌላ ትንሽ ሰነድ ከካይሮ ምኩራብ የጽሑፍ ክምችት ተገኝቷል። መጻሕፍት የሚሸጥና የሚያውስ አንድ አይሁዳዊ ለማን ምን እንደሰጠ በሚመዘግብበት ደብተር ውስጥ «ሺህ አንድ ሌሊት» የተባለ መጽሐፍ ለአንድ ሰው መስጠቱን ጽፏል፤ ደብተሩን ያጠኑት ጎይታይን በ1958 አስታውቀውታል። መጽሐፉ ዛሬ በምናውቀው ስሙ ተጠርቶ ከተገኘባቸው መዛግብት ይህ የመጀመሪያው ነው። ምስክርነቱ አጭር ቢሆንም ክብደት አለው፤ ተረቱ በአደባባይ ተራች አፍ ብቻ ይኖር ነበር የሚለውን የተለመደ አስተያየት ያርመዋልና። በካይሮ ከተማ ሰው ተውሶ ቤቱ ወስዶ ያነብበው ነበር፤ የቃልና የጽሑፍ ሕይወቱ ከጥንት ጎን ለጎን ሄዷል።

ከተረቶቹ ብዛት ያለውን ክፍል የያዘው ጥንታዊ ቅጂ በሶርያ ተገልብጦ ዛሬ በፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በሦስት ጥራዝ የሚገኘው ነው። 282 ሌሊት ይዞ በልዑል ቀመር አዝ-ዘማን ታሪክ መካከል ይቋረጣል። ይህን ቅጂ መሠረት አድርገው በ1984 በላይደን የታተመውን ሊቀ እትም ያዘጋጁት ሙህሲን ማህዲ ዘመኑን 14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አድርገውታል። ሃይንትስ ግሮትስፌልድ ግን በአንዱ ተረት ውስጥ አሽረፊ የተባለ የወርቅ ገንዘብ መጠቀሱን አስተውለው፣ ያ ገንዘብ በግብፁ ሱልጣን በባርስባይ ዘመን በ1425 አካባቢ መመታት የጀመረ ስለሆነ ቅጂው ከዚያ በኋላ መጻፍ አለበት ሲሉ ሞግተዋል። ክርክሩን ስንመዝን የሁለተኛው ማስረጃ የበለጠ የሚጨበጥ ሆኖ አግኝተነዋል። በክርክሩ ውስጥ ግን ስለ ተረቱ ጥበብ የሚነግረን ነገር አለ፤ ተራኪው የዘመኑን ገበያ ገንዘብ በስሙ ባይጠራ ኖሮ የታሪክ ተመራማሪ የሚይዘው ነገር ባላገኘም ነበር።

በዚህ ቅጂ ውስጥ ጥበቡ እንዴት እንደተሠራ በዝርዝር ማየት እንችላለን። የባግዳዱ ተሸካሚና የሦስቱ ሴቶች ተረት ከተአምር አይጀምርም፤ ሴቲቱ ተሸካሚውን አስከትላ ከሱቅ ወደ ሱቅ ስትዞር የኬብሮንን ኮክ፣ የሐለብን ጃስሚን፣ የደማስቆን አበባ በየስሙ እያስጠራች ቅርጫቱን ትሞላለች። አድማጩ የሚያውቀውን ገበያ በእግሩ ከዞረ በኋላ በማያውቀው በር ሲገባ አይደነግጥም። ይህ ቅደም ተከተል በአጋጣሚ የሆነ አይመስለንም፤ በብዙዎቹ ተረቶች ውስጥ ታላቁ ድንቅ ነገር የሚመጣው የዕለት ኑሮ በጥንቃቄ ከተሣለ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ጥበብ ድንቁን በሕግ ማሰር ነው። በአንዱ ተረት ዓሣ አጥማጅ ከማሰሮ ያወጣው ጂኒ በንጉሥ ሰሎሞን ማኅተም የታሰረ ነው። በመጀመሪያዎቹ መቶ ዓመታት ነፃ የሚያወጣውን ሊያበለጽግ ተሳለ፤ ዘመኑ ሲረዝም ስእለቱን አሻሻለ፤ በመጨረሻ ግን ተቆጥቶ የሚያወጣውን ሊገድል ማለ። እንግዲህ ጭካኔው እንኳ በመሐላ የሚመራ ነው፤ ስለዚህም ዓሣ አጥማጁ በኃይል ሊያሸንፈው ባይችልም «ይህን ታላቅ አካል ያች ትንሽ ማሰሮ እንዴት ቻለችው?» ብሎ በመጠራጠር ሊያጠምደው ቻለ። ሰሎሞን አጋንንትን መግዛቱ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ «መርበብተ ሰሎሞን» በግእዝ ክታቦቻችን ውስጥ ይህንኑ እምነት ይዞ ኖሯል። ሕግ የሌለው ድንቅ ሁሉን ማድረግ ስለሚችል ምንም አያስጨንቅም፤ ወሰን ያለው ድንቅ ግን አድማጩ አብሮ እንዲያስብ፣ መውጫውን አብሮ እንዲፈልግ ያስገድደዋል።

ሦስተኛው፣ ምናልባትም ዋናው፣ ተረትን የደም ካሣ ማድረግ ነው። በነጋዴውና በጂኒው ታሪክ ሦስት ሽማግሌዎች እየተቀባበሉ ተረት ሲናገሩ እያንዳንዳቸው የነጋዴውን ደም ሢሶ ይዋጃሉ፤ በጎባጣው ታሪክም በግድያ የተጠረጠሩ ሰዎች የሚድኑት በሚያወሩት ነገር ድንቅነት ነው። ሸህራዛድ በራሷ አንገት ላይ የምታደርገውን ውርርድ ባለታሪኮቿም በየተረቱ ያደርጉታል፤ ስለዚህ ሌላ ተረት ስትናገር እንኳ ስለ ራሷ ሕይወት ለንጉሡ እየተማጸነች ነው። ተረትን በተረት ማቀፍ ከህንድ ጀምሮ በብዙ አገር የታወቀ ሥርዓት ነው፤ ከየመን መጥተው የደብረ ሊባኖስ እጨጌ የሆኑት ዕንባቆም በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከዓረብኛ ወደ ግእዝ የመለሱት «በራላምና ይዋስፍ»ም በምሳሌ ላይ ምሳሌ እያቀፈ የሚሄደው በዚሁ መንገድ ነው። በዚያ መጽሐፍ ምሳሌው ነፍስን ለማዳን ሲቀርብ፣ በሸህራዛድ ዘንድ ሥጋን ለማትረፍ ይቀርባል።

ወደ 18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስንሻገር የሰነዱ ብዛት ይጨምራል፤ ጭንቀታችንም አብሮ ይጨምራል። ፈረንሳዊው የምሥራቅ ቋንቋዎች ሊቅ አንትዋን ጋላን የሲንድባድን ታሪክ ከሌላ ቅጂ ተርጉሞ ሳለ፣ ከሶርያ የመጣለትን ባለ ሦስት ጥራዝ ቅጂ ይዞ ትርጉሙን በ1704 ማሳተም ጀመረ። መጽሐፉ እጅግ ተወደደ፤ በ1706 ሰባተኛው ቅጽ ሲወጣ ግን በእጁ የነበረው ተረት ተሟጠጠ። አሳታሚው ቤት በ1709 ስምንተኛውን ቅጽ ያወጣው ሌላ ተርጓሚ የተረጎማቸውን ሁለት ታሪኮች ያለ ጋላን ፈቃድ ጨምሮበት ነው፤ ጋላንም በሚቀጥለው ቅጽ ቅሬታውን በጽሑፍ ገልጿል። እርሱ ራሱ ያደረገው ለውጥም ቀላል አልነበረም። በዓረብኛው ቅጂ ሌሊት ሁሉ በዲናዛድ አድናቆትና በሸህራዛድ «ነገ የምነግራችሁ ከዚህ ይበልጣል» በሚል ተስፋ ሲዘጋ፣ ጋላን ይህን ዝማሬ መሰል ድግግሞሽ ቀስ በቀስ አስቀርቶ በመጨረሻ የሌሊቶቹን ክፍፍል ጭምር ተወው። ለአድማጭ ጆሮ የተሠራው ማቋረጫ ገጹን ራሱ ለሚገልጥ አንባቢ ማሰልቸት ጀምሮ ነበር። የሚደረደሩት ተረቶች ብቻ ሳይሆኑ የማንጠልጠያው ዘዴም ከመሣሪያው ጋር እንደሚለወጥ ከዚህ እንማራለን።

ጋላን ከድርቀቱ ያመለጠው በአንድ ወጣት ሶርያዊ አማካይነት ነው። በዕለት ማስታወሻው እንደጻፈው፣ በመጋቢት 1709 በተጓዡ በፖል ሉካስ ቤት ሐና የተባለ የሐለብ ማሮናዊ ክርስቲያን አገኘ፤ ከዚያ በኋላ በነበሩት ሳምንታት ይህ ሰው ተረቶችን እየነገረው እርሱ በአጭሩ ይመዘግብ ነበር። የአላዲንና የኩራዙ ታሪክ በማስታወሻው በግንቦት 5፣ የአርባዎቹ ሌቦች ታሪክ ደግሞ በግንቦት 27 ይገኛል፤ በሁለተኛው ማስታወሻ ርእስ ላይ ጎልታ የወጣችው አሊ ባባ ሳይሆን ሌቦቹን በብልሃቷ ያጠፋችው ባሪያይቱ መርጃና ናት። እነዚህ ታሪኮች በ1712 በወጡት፣ ጋላን በ1715 ከሞተ በኋላም በ1717 በታተሙት የመጨረሻ ቅጾች ውስጥ ገቡ። በታተመው መጽሐፍ የሐና ስም አንድ ጊዜ እንኳ አልተነሣም። ሶርያዊውን ወደ ፓሪስ ያመጣው ሉካስም ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ስለ እርሱ ዝም ብሏል።

የሐና ድያብ የራሱ ቃል ከብዙ ጊዜ በኋላ ተሰማ። በ1763 እና 1764፣ በስተርጅናው፣ ከሐለብ እስከ ቬርሳይ ያደረገውን ጉዞ በዓረብኛ ጽፎ ነበር፤ የመጀመሪያ ገጾቹ በመጥፋታቸው ባለቤቱ ሳይለይ በቫቲካን ቤተ መጻሕፍት የቆየውን ይህን መጽሐፍ ዤሮም ሎንታን በ1993 የማን እንደሆነ ለዩት፤ የፈረንሳይኛ ትርጉሙም በ2015 ታተመ። ድያብ ስለ ተረቶቹ የሚናገረው በጥቂት መስመሮች ብቻ ነው፤ አንድ ሽማግሌ የሺህ አንድ ሌሊትን መጽሐፍ ሲተረጉም የጎደሉት ሌሊቶች እንደነበሩና እርሱ በሚያውቃቸው ታሪኮች እንደረዳው ይገልጻል። እዚህ ላይ ሁለቱን ምስክሮች ማነጻጸር ግድ ይለናል። ድያብ «ነገርሁት» ሲል፣ ጋላን በ1710 ማስታወሻው የኩራዙን ታሪክ ማሮናዊው በዓረብኛ በጽሑፍ እንደሰጠው፣ ያንም ማንበብ እንደጀመረ ይመሰክራል፤ በዚያ ቦታ ደግሞ ሰውየውን የሐለብ ሳይሆን የደማስቆ ሰው ይለዋል። የሌሎቹን ተረቶች ጭምቅ ሐሳብ በማስታወሻው ሲያሰፍር የአላዲንን አለማስፈሩ ጽሑፍ ተሰጥቶት ነበር የሚለውን ያጠናክራል። ስለዚህ በዚህ ነጥብ በዕለቱ የተጻፈውን የጋላንን ቃል ከሃምሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ከተጻፈው ትዝታ እናስቀድማለን፤ የባለቤትነቱን ጥያቄ ግን ሁለቱም ቃሎች ለድያብ ይፈርዱለታል።

በጉዞ መጽሐፉ ውስጥ ብዙ ተመራማሪዎችን ያጓጓ አንድ ገጽ አለ። ከሐለብ እንደወጡ ሉካስ አንድ እረኛን ወደ ጥንታዊ መቃብር አስገብቶ ሲያስፈትሽ እረኛው ቀለበትና ኩራዝ ይዞ ወጣ። አላዲንን የሚያውቅ ሁሉ ልቡ ወደ አንድ መደምደሚያ ይሮጣል፤ እኛ ግን እርምጃችንን እንገታለን። ገጹ የተጻፈው ተረቱ ከተነገረ ከሃምሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ነውና ገጠመኙ ተረቱን ይውለደው፣ ወይስ ብዙ ጊዜ የተነገረው ተረት ትዝታውን ይቅረጸው፣ ሰነዱ ብቻውን አይወስንም። በእርግጥ የሚያሳየን አንድ ነገር ቢኖር፣ ድያብ የሌላን ሰው ቃል የሚያቀብል ተራ መልእክተኛ ሳይሆን ትዕይንትን መምረጥ፣ ማዘጋጀትና ማንጠልጠል የሚያውቅ ተራኪ መሆኑን ነው። የጋላንን አጫጭር ማስታወሻዎች ከታተሙት ረጃጅም ታሪኮች ጋር ስናስተያይም፣ የተረቱ አጥንት የሐለቡ ሰው፣ ሥጋና ልብሱ በብዛት የፓሪሱ ሊቅ ሆኖ እናገኘዋለን።

በቀጣዩ ዘመን የተከሰተው ነገር ለታሪክ ባለሙያ ከሁሉ የሚያሳዝን ነው። የአላዲን ዓረብኛ መነሻ ሲፈለግ ዓረብኛ ቅጂዎች «ተገኙ»። በፓሪስ ይኖር የነበረው ሶርያዊ ቄስ ዲዮኒሲዮስ ሻዊሽ በ1780ዎቹ አንዱን አቀረበ፤ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሚካኤል ሰባግ በ1703 በባግዳድ ከተጻፈ ቅጂ ገልብጫለሁ ብሎ ሌላ አቀረበ። ሄርማን ዞተንበርግን የመሰለ ጠንቃቃ ሊቅ ሳይቀር የሰባግን አምኖ በ1888 አሳተመው። ሁለቱም ከጋላን ፈረንሳይኛ ወደ ዓረብኛ የተመለሱ መሆናቸውን በዝርዝር ያስረዱት ሙህሲን ማህዲ ናቸው። በብሬስላው ከ1824 ጀምሮ የወጣው እትም የቆመበት የቱኒዝ ቅጂም ከቶ ያልነበረ መሆኑን ማክዶናልድ በ1909 ገልጸዋል። የእነዚህን ሰዎች በደል አናቃልልም፤ መንሥኤውን ግን ከግለሰብ ጠባይ ይልቅ በዘመኑ ጥያቄ ውስጥ እናየዋለን። ሊቃውንቱ ተረት ሁሉ አንድ ጥንታዊና ንጹሕ መነሻ ጽሑፍ ሊኖረው ይገባል ብለው ስላመኑ፣ የሐለብ ወጣት በሕይወት ሳለ የተናገረው ተረት በቂ ሆኖ አልታያቸውም። ገበያው መነሻ ሲጠይቅ መነሻ ተሠራለት። በ1835 በካይሮ ቡላቅ የታተመው ሙሉ ሺህ አንድ ሌሊት አላዲንንም አሊ ባባንም አለመያዙ ማስጠንቀቂያ ሊሆናቸው በተገባ ነበር።

የመጨረሻውን ሚዛን የምናቆመው በታሪኩ ፍጻሜ ላይ ነው፤ ሸህራዛድን ያዳናት ምንድን ነው? ኢብን አን-ነዲም ለንጉሡ ልጅ ወልዳ ልጁን ካሳየችው በኋላ ያደረገችውን ብልሃት እንደገለጸችለት፣ ንጉሡም አእምሮዋን አድንቆ እንዳተረፋት ይናገራል። ጋላን ባሳተመው ፍጻሜ ልጆች የሉም፤ ንጉሡ የሚማረው በጥበቧና በደግነቷ ተሸንፎ ነው። በቡላቁ እትም ሦስት ወንዶች ልጆች ይቀርባሉ፤ ንጉሡ ግን ልጆቹ ከመቅረባቸው አስቀድሞ ምሮአት እንደነበር ያስታውቃል። ሦስቱ ምስክሮች በልጆቹ ቁጥር አይስማሙም፤ የዳነችበትን ዋና ምክንያት በአእምሮዋና በጠባይዋ ላይ በማኖር ግን ይገናኛሉ። ይህ ስምምነት ጥናታችን ከደረሰበት ጋር ይገጥማል። ከባግዳድ ወረቀት ሻጮች እስከ ፓሪስ ማተሚያ ቤቶች ስሞቹ፣ ዝምድናዎቹ፣ የተረቶቹ ዝርዝርና ቁጥር ሁሉ ተለዋውጠዋል፤ ጸንቶ የቆየው በሚታወቅ ዓለም ላይ በሕግ የታሰረ ድንቅን አቁሞ፣ በሰው ሕይወት ላይ ተወራርዶ፣ አድማጩን እስከ ነገ የማቆየት ሙያ ነው። የምናባዊ ትረካ ማራኪነት በዚህ ሙያ ላይ ከቆመ፣ ባለሙያውን መሰወር ጥበቡን መሰወር ነው። ስለዚህ የአላዲንንና የአሊ ባባን ታሪክ በማናቸውም ቋንቋ የሚያሳትም ሁሉ የሐና ድያብን ስም ከጋላን ስም ጎን እንዲያሰፍር መዛግብቱ ያስገድዱታል፤ እኛም ይህን ግዴታ እንደ ጥናታችን ዋና ፍርድ እናቀርበዋለን።